የኋለኛውን መጽሐፍ ለሚነቅፉ የተሰጠ መልስ

በተከታታይ የሚወጡ የምናብ ታሪኮችን በሚያነቡ ሰዎች መካከል የቈየ አንድ ልማድ አለ። ይኸውም የመጀመሪያውን መጽሐፍ እጅግ አድርጎ ማመስገንና ከእርሱ በኋላ የመጡትን ሁሉ ሳይመረምሩ መናቅ ነው። የመጀመሪያው ምንጭ ነው፥ የቀሩት ግን ከምንጩ የተረፉ ፍሳሾች ናቸው ይላሉ፤ «ውሃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ» የሚለውንም የአባቶች ቃል ለዚሁ ምስክር አድርገው ይጠቅሱታል። አራተኛውን ወይም ስድስተኛውን መጽሐፍ በደስታ ሲያነብ የተገኘ ሰው በእነርሱ ዘንድ ወይ ጣዕም የማያውቅ፥ ወይ ከልጅነት ያልወጣ ተብሎ ይቈጠራል።

ከእነዚህ ጋር በምክንያት ሳይስማሙ በፍርድ የሚስማሙ ሌሎች ደግሞ አሉ። እነርሱም ስለ ልጆቻቸው ነፍስ የሚጠነቀቁ ወላጆችና መምህራን ናቸው። ተረት ሁሉ ከንቱ ነው እንዳይሉ ቅዱሳት መጻሕፍት በምሳሌ የተሞሉ መሆናቸውን ያውቃሉ። ስለዚህ አንዱን መጽሐፍ «ትምህርት አለበት» ብለው ለልጁ ይፈቅዱለታል፤ ልጁ ተከታዩን በጠየቀ ጊዜ ግን «ትምህርቱን ከመጀመሪያው አግኝተሃል፤ የቀረው ጨዋታ ነው» ብለው ይከለክሉታል። ፊተኞቹ ስለ ጣዕም፥ ኋለኞቹ ስለ ጥቅም ይናገራሉ፤ ሁለቱም ግን ከልጁ እጅ የሚነጥቁት ያንኑ መጽሐፍ ነው።

ክርክሩ በባዶ እንዳይቀር የታወቀ አንድ ምሳሌ መውሰድ ይገባል። ክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስ በ1898 በቤልፋስት ከተማ የተወለደ፥ ከ1925 ጀምሮ በኦክስፎርድ በሞድሊን ኮሌጅ ያስተማረ፥ በ1954ም በካምብሪጅ ለፕሮፌሰርነት የተመረጠ ሊቅ ነበረ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ይህ ሰው ከ1950 እስከ 1956 ድረስ በየዓመቱ አንድ አንድ እያደረገ ናርንያ ስለምትባል የምናብ አገር ሰባት መጻሕፍት አሳተመ። የመጀመሪያው «አንበሳው፥ ጠንቋይቱና ቁም ሣጥኑ» የሚለው ነው። በእርሱም ውስጥ አስላን የሚባለው ታላቁ አንበሳ ስለ አንድ ከዳተኛ ልጅ ሞቶ ይነሣልና፥ የምሳሌው ፍቺ ለክርስቲያን አንባቢ የተሰወረ አይደለም። በ1953 የወጣው አራተኛው መጽሐፍ ደግሞ «የብሩ ወንበር» ይባላል። በክርክሩ መካከል ያለው ይህ መጽሐፍ ነው።

አስቀድሞ ለነቃፊዎቹ የሚገባቸውን እውነት መስጠት ያስፈልጋል። ገበያ ያገኘ ደራሲ አሳታሚው ባስቸኰለው ቍጥር አንዱን ክር ወደ ሰባት የሚያስረዝምበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። የናርንያን መጻሕፍት ያልወደዱትም ሰዎች ሁሉ አላዋቂዎች አይደሉም፤ የሉዊስ የቅርብ ወዳጅ የነበረው ጆን ቶልኪን እንኳ አልወደዳቸውም። «የብሩ ወንበር» ራሱም ነውር አለበት። አዲስ የማስተማር ዘዴ እንከተላለን ይሉ የነበሩትን የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ሲዘልፍ ከልክ ያልፋል፤ የትምህርት ቤቱ ኀላፊ ሴት መሆኗንም እንደ ጉድለት አድርጎ ማንሣቱ ለደራሲው ክብር አይሆነውም። ነገር ግን የአንድ መጽሐፍ ነውር በመጽሐፉ ይፈረድበታል እንጂ በተራ ቍጥሩ አይፈረድበትም። የተራ ቍጥር ማስረጃ ከሆነማ የብሪታንያ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ለዓመቱ ምርጥ የልጆች መጽሐፍ የሚሰጡትን የካርኔጊ ሜዳልያ ያገኘው የመጀመሪያው ሳይሆን በ1956 የወጣው ሰባተኛውና የመጨረሻው ነው። «ያደረ ወጥ ነው» ብለው የሚያፌዙም ሰዎች ባለሙያ የሠራችው ዶሮ ወጥ ባደረ ጊዜ እንዴት እንደሚጣፍጥ ረስተውታል።

ስለ ምንጩም የሚጠቅሱት ቃል መልካም ነው፤ አገባቡ ግን ስቶባቸዋል። ግሽ ዓባይ ንጹሕ ምንጭ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ነገር ግን የሩቁን ቈላ የሚያጠጣው ከምንጩ የተቀዳው ጽዋ ሳይሆን ብዙ ገባሮችን ሰብስቦ የሚወርደው ወንዝ ነው። እንዲሁም በረጅም ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ሊገኝ የማይችል፥ ከኋለኛው ብቻ የሚገኝ ነገር አለ። ከእነዚህም አንዱ የጊዜ ማለፍ ነው።

በሁለተኛው መጽሐፍ ካስፒያን የሚባል ልጅ ዙፋኑን ከቀማው አጎቱ በሌሊት ያመልጣል። በሦስተኛው መጽሐፍ ያው ልጅ ወጣት ንጉሥ ሆኖ በመርከብ ወደ ዓለም ዳርቻ ይጓዛል፤ ዩስታስ የሚባለውም የእንግሊዝ ልጅ በዚያ መርከብ ላይ ወዳጁ ይሆናል። በአራተኛው መጽሐፍ ዩስታስ ወደ ናርንያ ሲመለስ በእርሱ አገር ያለፈው ጥቂት ወራት ነው፤ በናርንያ ግን የአንድ ሰው ዕድሜ አልፏል። በወደቡ ላይ አንድ የደከመ ሽማግሌ ንጉሥ በሰው ተደግፎ ወደ መርከብ ሲገባ ያያል፥ አያውቀውምም፤ ማን እንደ ሆነ በተረዳ ጊዜ መርከቡ ርቋል። ሦስቱን መጻሕፍት ያነበበ ልጅ ይህን ገጽ ሲያነብ የሚሰማው ኀዘን የተነገረው ኀዘን አይደለም፤ የራሱ ነው። እርሱም እንደ ዩስታስ ወዳጁን ትናንት ወጣት ሆኖ ትቶት ነበርና። ደራሲ ምንም ያህል ጥበበኛ ቢሆን ይህን ኀዘን በመጀመሪያ መጽሐፍ ሊያመጣው አይችልም። ከ1994 ወዲህ በብዙ እትሞች ላይ መጻሕፍቱ በታሪካቸው ዘመን ቅደም ተከተል ስለ ተቈጠሩ «የብሩ ወንበር» ስድስተኛ ተብሏል፤ ዳሩ ግን በአሮጌውም በአዲሱም ቍጥር የካስፒያን ልጅነት ይቀድማል፥ ሽምግልናው ይከተላል።

ሁለተኛውና የሚበልጠው ነገር የመጽሐፉ ሐሳብ ራሱ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ አንበሳው በሜዳ ላይ ይታያል፤ ልጆች ጎፈሩን ይዳስሳሉ፥ በጀርባው ላይ ይቀመጣሉ። በአራተኛው ግን እንዲህ አይደለም። ጂል የምትባል ልጅ በትምህርት ቤት ጓደኞቿ ተሳድዳ ስታለቅስ ዩስታስ ስለ ናርንያ ይነግራታል፤ ሁለቱም አስላንን ይጠራሉ፥ በቅጥሩ ላይ ያለችው በርም ትከፈትላቸዋለች። በታላቅ ተራራ ላይ ጂል ብቻዋን ከአንበሳው ጋር ትገናኛለች፥ አራት ምልክቶችንም ይሰጣታል። ዐሥር ዓመት የጠፋውን የካስፒያንን ልጅ ሪልያንን ፈልገው የሚያገኙት በእነዚህ ምልክቶች ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ ሕልም ካልሆነ በቀር አንበሳው እስከ ፍጻሜው ድረስ አይታይም። መንገደኞቹ የያዙት ስንቅ በቃል የተጠና ቃል ብቻ ነው።

አንበሳው ጂልን ምልክቶቹን ጧት ስትነሣ፥ ማታም ስትተኛ፥ በሌሊትም ስትባንን እንድትደግማቸው ያዛታል። ይህ ሙሴ ስለ ሕጉ ለእስራኤል የሰጠውን ትእዛዝ የሚያስታውስ መሆኑን የቤተ ክርስቲያን ሰው ሳይነግሩት ያውቀዋል። በኢትዮጵያ በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ደግሞ ከማወቅ አልፎ የራሱን ልጅነት ያይበታል። ዳዊትን የሚደግም ሕፃን ትርጓሜውን ከማወቁ በፊት ቃሉን ይይዛል፤ በኋላ በመከራ ቀን፥ መምህሩ በአጠገቡ በሌለበት ሰዓት፥ ያልተረዳው ቃል ተነሥቶ ይረዳዋል። ጂልም ድግምቱን ያቋረጠችው በረኀብ ወይም በሥቃይ ምክንያት አይደለም። አረንጓዴ ልብስ የለበሰች አንዲት መልካም ሴት በመንገድ ላይ ተገናኝታ በግዙፋን ሰዎች ቤት ሙቅ ውሃና ለስላሳ መኝታ እንዳለ ስለ ነገረቻቸው ነው። ከዚያ በኋላ በበረዶው ውስጥ የሚያስቡት ስለ መኝታው ብቻ ሆነ፤ የፈረሰችውንም ከተማ በእግራቸው ረግጠው ሳያውቋት አለፉ፤ በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ጽሕፈት እንኳ በውስጡ ወድቀውበት ሳለ ጕድጓድ መሰላቸው። ከአራቱ ምልክቶች ሦስቱን አጡ። ይህን የሚያነብ ሰው «ተረት ነው» ብሎ መሳቅ ይችላልን? ጾሙን፥ ጸሎቱን፥ ስእለቱን በታላቅ ፈተና ሳይሆን በጥቂት ምቾት ምክንያት ያልተወ ማን አለ?

ስለዚህ ወላጆቹ «ትምህርቱን ከመጀመሪያው አግኝተሃል» ማለታቸው ስሕተት ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ማመን እንዴት እንደሚጀመር ያሳያል፤ አራተኛው የመጀመሪያው ድንቅ ካለፈ በኋላ እንዴት እንደሚዘለቅ ያሳያል። የሰው ሃይማኖት አብዛኛው ዕድሜ የሚያልፈው በዚህ በኋለኛው ክፍል ውስጥ ነው። ጥምቀቱ አንድ ቀን ነው፥ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ዘመን ነው። የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ የቆመ ልጅ የበዓሉን ቀን ያውቃል፥ የአዘቦቱን ቀን አያውቅም።

የመጽሐፉም ጕልላት የሆነው ነገር የሚፈጸመው ፀሓይ በማይታይበት፥ ከምድር በታች ባለው አገር ነው። አረንጓዴ የለበሰችው ሴት የዚያ አገር ንግሥት ናት፤ ጠንቋይም ናት። ሪልያን በእርሷ አስማት ራሱን ረስቶ ይኖራል፤ በየሌሊቱ ለአንድ ሰዓት ብቻ ልቡ ይመለስለታል፥ በዚያም ሰዓት በብር ወንበር ላይ ያስሩታል። ከእስራቱ እንዲፈቱት በአስላን ስም ሲለምናቸው አራተኛው ምልክት ይህ ሆነ፤ ሦስቱን ያጡ መንገደኞች አራተኛውን ያዙ፥ ፈቱትም። በዚህ ጊዜ ንግሥቲቱ ትገባለች። ሰይፍ አትመዝም፥ አትቈጣምም። በእሳቱ ላይ ሽታው ደስ የሚያሰኝ አረንጓዴ ዱቄት ትነሰንሳለች፥ ማንዶሊን የሚመስል የአውታር መሣሪያም በቀስታ ትመታለች፤ ይህ አፍዝ አደንግዝ ልባቸውን ሲያደነዝዘው በለሰለሰ ድምፅ ትጠይቃቸዋለች። ፀሓይ የምትሉት ምንድር ነው? መብራት የሚመስል፥ ከመብራት የሚበልጥ ነገር ነው ቢሏት፥ እንግዲያስ መብራቱን አይታችሁ ትልቅ መብራት ተመኛችሁ፥ ፀሓይ የለችም አለች። ስለ አንበሳውም ቢነግሯት፥ ድመት አይታችሁ ትልቅ ድመት አለማችሁ አለች። ልዑሉም ልጆቹም ተሸነፉ፤ ፀሓይ የለችም ብለው አብረው ተናገሩ።

ያን ጊዜ ያዳናቸው ጀግና አይደለም። ፐድልግለም የሚባል፥ በረግረግ የሚኖር፥ እጅና እግሩ የረዘመ፥ መዳፈ እግሩም እንደ ዳክዬ የሆነ ፍጡር ነው። ይህ መንገድ መሪያቸው ከመጽሐፉ መጀመሪያ አንሥቶ ሁልጊዜ ክፉውን የሚጠብቅ፥ ዝናብ ባይመጣ በረዶ ይመጣል የሚል፥ አንባቢን በገጽ በገጹ የሚያስቅ ነው። እርሱም በባዶ እግሩ ገብቶ እሳቱን ረገጠው። የተቃጠለው እግር ሽታ መልካሙን ሽታ አጠፋው፥ ሥቃዩም የእርሱን ልብ አጠራው። ከዚያም ለንግሥቲቱ የሰጣት መልስ ባጭሩ ይህ ነው፦ ፀሓይና ሣር፥ አንበሳውም ሳይቀር፥ የልጆች ፈጠራ ቢሆኑ እንኳ ፈጠራው እርሷ እውነት ከምትለው ጕድጓድ ይበልጣልና፥ አንበሳው ባይኖር እንኳ እርሱ በአንበሳው ወገን ይቆማል።

አንዳንድ ጥብቅ መምህራን በዚህ ቃል ይሰናከላሉ፤ «ባይኖር እንኳ» የሚል እምነት እምነት ነውን? ይላሉ። ነገር ግን ሠለስቱ ደቂቅ በእቶኑ ፊት ለናቡከደነፆር የመለሱትን ያስታውሱ። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ባያድነንም ለምስልህ አንሰግድም አሉ። እርግጥ ነው፥ ሁለቱ ቃላት አንድ አይደሉም፤ ሦስቱ ወጣቶች አምላካቸው መኖሩን አልተጠራጠሩም፥ የረግረጉ ሰው ግን አእምሮው በጢስ ታፍኖ ነበረ። ነገር ግን የሚመሳሰሉበት አለ፤ ዋጋውን ሳያዩ ወገናቸውን አልለወጡም። አእምሮ በደከመበት ሰዓት ታማኝነት አእምሮን ተሸክሞ እንደሚያሻግረው ይህን ያህል አጥርቶ ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚናገር ስብከት በቀላሉ አይገኝም።

ይሁን እንጂ ክርክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ድሉ የወላጆቹ በሆነ ነበር። «እንግዲህ ትምህርት ካለበት ይነበብ፥ ትምህርቱንም ለቅመን ለልጁ እንስጠው» ይላሉና። ይህ ከመከልከል የሚብስ ነው። ፐድልግለም እሳቱን ሲረግጥ ልብ የሚነካው አንባቢ አስቀድሞ ስለ ሳቀበት ነው፤ ሳቁን እንደ እብቅ አበራይቶ የቀረውን ፍሬ ነው ብሎ የሚሰጥ ሰው ፍሬውንም አላገኘውም። ሉዊስ ራሱ ናርንያን የጀመረው ከትምህርት እንዳልሆነ ጽፏል፤ ከሥዕል ነው የጀመረው። በበረዶ በተሸፈነ ጫካ ውስጥ ጃንጥላና ጥቅል ይዞ የሚሄድ፥ ከወገቡ በታች እንደ ፍየል የሆነ ፍጡር ከዐሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ በዓይነ ልቡናው ይታየው ነበር። ነቢዩ ናታንም ወደ ዳዊት በገባ ጊዜ ስለ ድኻው ሰውና ስለ አንዲቱ በግ ነገረው እንጂ በትርጓሜው አልጀመረም። ዳዊት በታሪኩ ባይቈጣ፥ ለበጊቱም ባያዝን ኖሮ «ያ ሰው አንተ ነህ» የሚለው ቃል በምን በኩል ይገባ ነበር? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም «ወዳጄ ልቤ» የተባለውን መጽሐፋቸውን በምሳሌ የጻፉት የምሳሌን ጕልበት ያወቁ ሰው በመሆናቸው ነው። ደስታው የምሳሌው በር ነው፤ በሩን ነቅሎ ቤት ልግባ የሚል ሰው የለም።

የኋለኛው መጽሐፍ ለደራሲውም ቢሆን የሚገባው አለ። የሉዊስ እናት በ1908 በካንሰር በሽታ ሞተች፤ እርሱ ገና ዐሥር ዓመት አልሞላውም ነበረ። እንድትድንለት ጸልዮ ነበረ፥ አልዳነችም። ከዚያ በኋላ በወጣትነቱ ሃይማኖቱን ተወ፥ ወደ ክርስትናም የተመለሰው በ1931 ነው። በ1950 በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ይህ ቍስል በግልጥ አይታይም። በአራተኛው መጽሐፍ ግን ሪልያን በጠንቋይቱ እጅ የወደቀው እናቱን የገደለውን እባብ ፍለጋ በወጣ ጊዜ ነው፤ በ1955 በወጣው ስድስተኛው መጽሐፍ ደግሞ አንድ ልጅ የምትሞት እናቱን ለማዳን ወደ አንበሳው ይቀርባል፥ አንበሳውም በዓይኑ እንባ ሞልቶ ይመለከተዋል። አንድ ሰው በልጅነቱ የደረሰበትን በመጀመሪያው ቀን አይናገረውም። አንባቢ ወዳጅ ሆኖ በቈየ ጊዜ ቀስ ብሎ ይነግረዋል። የኋለኛውን መጽሐፍ ሳያነብ የሚንቅ ሰው ወዳጁ ልቡን ሊገልጥለት ሲጀምር ተነሥቶ እንደሚሄድ ሰው ነው።

በ«የብሩ ወንበር» መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ካስፒያን ልጁን ባርኮ ይሞታል። በአንበሳው ተራራ ላይ አስከሬኑ በጥሩ ውሃ ውስጥ ተጋድሞ ይታያል፤ ልጆቹም ያለቅሳሉ፥ አንበሳውም ያለቅሳል። ከዚያም ዩስታስ እሾኽ ነቅሎ በአንበሳው መዳፍ ላይ እንዲወጋ ይታዘዛል፤ ከመዳፉ የወረደችው አንዲት የደም ጠብታ በውሃው ላይ ስትንጠባጠብ ሽበቱ ጠፍቶ ካስፒያን ወጣት ሆኖ ይነሣል። እንግዲህ «በአራተኛው መጽሐፍ ትምህርቱ የለም» ያሉት ወላጆች ይህን ገጽ አላነበቡትም። ወጣቱን ካስፒያን ያልወደደ፥ በሽማግሌውም ያላዘነ አንባቢ ግን ይህችን ጠብታ በሙሉ ዋጋዋ ሊቀበላት አይችልም።

ስለዚህ ልጅ ሦስተኛውን መጽሐፍ ጨርሶ አራተኛውን በጠየቀ ጊዜ ይሰጠው፤ ሲስቅም ይተውት። ባነበበ ማግሥት «ምን ተማርህ?» ብሎ የሚጠይቀው አይኑር፤ ጥያቄው ይደር። ልጁ አንድ ቀን፥ ምናልባት ከብዙ ዓመት በኋላ፥ ፀሓይ የለችም የሚል ለስላሳ ድምፅ ይሰማል፤ ሽታውም መልካም ይሆናል። በዚያን ጊዜ እሳቱን በባዶ እግሩ የረገጠው ያ የሚያስቅ ፍጡር ትዝ ቢለው፥ መጽሐፉን የሰጠው ሰው ድካሙ ከንቱ አልሆነም።